«ጨረሩ ከሰውነትህ ወጥቷል ወይ?» ከካንሰር ማገገም፣ ብቸኝነትና በዓል

በ2011 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት በጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ በአክስቴ ግቢ ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነበር። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ ያላት፣ በዚያ ወራት ሙቀቷ እጅግ የሚበረታ ከተማ በመሆኗ፣ በበዓል ቀን የሚፈለገው ቦታ ሳሎን ሳይሆን ጥላ ነው። ዘመድ አዝማዱም ሁሉ ከዛፉ ሥር ተሰብስቦ ነበር። ይሁን እንጂ የእኔ ወንበር ከሌሎቹ አራት ወይም አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ መቀመጡን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። ወደ ግቢው የሚገባው ሰው ሁሉ «ማሌ» እያለ ሲጨባበጥ ይቆይና እኔ ዘንድ ሲደርስ እጁን ከሩቅ ያነሣል። የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የሦስት ዓመቷ ሕፃን፣ እንደ ወትሮዋ ሮጣ ጭኔ ላይ ልትወጣ ስትል እናቷ ከመንገድ አፈፍ አድርጋ መለሰቻት። በግቢው ውስጥ ዝምታ ሆነ። አክስቴ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የማታውቅ ሴት በመሆኗ፣ ሁሉም በልቡ የያዘውን ጥያቄ በኑዌርኛ ጠየቀችኝ፤ «ልጄ፣ ያ ጨረር ከሰውነትህ ወጥቷል ወይ?»

ከዚያ ቀን ሦስት ወራት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ውስጥ የሊምፎማ ሕክምናዬን ጨርሼ ነበር፤ በመጀመሪያ ስድስት ወር ኬሞቴራፒ፣ በመጨረሻም የሦስት ሳምንት የጨረር ሕክምና። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ዶክትሬቴን የሠራሁት በውጭ አገር ነው፤ ስለ ጨረር ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት መልሱ በአፌ አልመጣልኝም። ከሕመሙ ይልቅ የከበደኝ ያቺ የአራት እርምጃ ርቀት ነበረች።

የአክስቴ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቼም በሌላ አነጋገር ይጠይቁኛል። ስለዚህ በቅድሚያ ለእርሱ መልስ እንስጥ።

ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ

እኔ የታከምሁበት መሣሪያ የኮባልት 60 መሣሪያ ነበር። ኮባልት 60 ተፈጥሮአዊ ባልሆነ መንገድ፣ በኒውክሌር ማብሊያ ውስጥ የሚሠራ፣ እየፈረሰም ጋማ ጨረር የሚለቅ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ፍርሰት ሁለት የጋማ ፎቶኖች ይወጣሉ፤ የአንደኛው ጉልበት 1.17፣ የሁለተኛው ደግሞ 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ንጥረ ነገሩ ያለው በመሣሪያው ራስ ውስጥ፣ በወፍራም እርሳስና በመሰል ከባድ ብረት ተሸፍኖ ነው። ወደ በሽተኛው የሚሄደው ኮባልቱ ሳይሆን ጨረሩ ብቻ ነው። መስኮቱ ሲዘጋ ጨረሩ ይቆማል፤ አምፑል ሲጠፋ ብርሃኑ በክፍሉ ውስጥ እንደማይቀር ሁሉ፣ ጨረሩም በሰውነት ውስጥ አይቀርም።

ጥንቁቅ ተማሪ ግን እዚህ ላይ አይረካም። «ጨረሩ ራሱ ባይቀርም በሰውነታችን ውስጥ ያሉትን አቶሞች መትቶ ራዲዮአክቲቭ ሊያደርጋቸው አይችልምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። መልሱ በጉልበት ስሌት ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ፎቶን ከአቶም ኒውክለስ ውስጥ ኒውትሮን ፈንቅሎ ለማውጣት ከአንድ የተወሰነ ደፍ የሚያልፍ ጉልበት ሊኖረው ያስፈልጋል። ለናይትሮጅን ይህ ደፍ 10.5፣ ለኦክስጅን 15.7፣ ለካርቦን 18.7 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። በሰውነታችን ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚገኘው ከባድ ሃይድሮጅን እንኳ 2.2 ይጠይቃል። የኮባልቱ ፎቶን ያለው 1.33 ነው። በሩን የሚያንኳኳ እንጂ የሚሰብር አይደለም። በኮባልት ፈንታ አሁን የተተኩት ሊኒየር አክሰለሬተር የተባሉት መሣሪያዎች ከዚህ የበለጠ ጉልበት ያለው ጨረር ቢያወጡም፣ ታክሞ የወጣ ሰው አጠገብ መቀመጥ በእነርሱም ቢሆን አንዳች አደጋ የለውም።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። በአንድ ቀን የሚሰጠው የተለመደ የጨረር መጠን 2 ግሬይ ነው፤ ይኸውም በአንድ ኪሎ ግራም አካል 2 ጁል ማለት ነው። ይህ ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ የውኃን ሙቀት ከፍ የሚያደርገው በ0.0005 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ብቻ ነው። ከአንዲት ሲኒ ትኩስ ቡና የምናገኘው የሙቀት ጉልበት ከዚያ ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ጨረሩን ኃይለኛ ያደረገው የጉልበቱ ብዛት ሳይሆን በአንድ ነጥብ ላይ አርፎ በሕዋስ ውስጥ ያለውን የዲ.ኤን.ኤ. ድርብ ክር መበጠስ መቻሉ ነው።

እርግጥ ነው፣ የአክስቴ ሥጋት እውነት የሚሆንበት ሕክምናም አለ። በእንቅርት እጢ ካንሰር የሚታመሙ ሰዎች ራዲዮአክቲቭ አዮዲን 131 በአፋቸው እንዲወስዱ ሲደረግ፣ ንጥረ ነገሩ ራሱ በሰውነታቸው ውስጥ ይቆያል። ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ያህል ስለሆነና በሽንትም ስለሚወጣ፣ ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች እንዲርቁ ሐኪሞች ያዛሉ። ያ ርቀት ግን መነሻና መድረሻ ያለው ነው። የማን ርቀት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያበቃም በወረቀት ተጽፎ ይሰጣል። የእኔ ወንበር ርቀት የተጻፈ ቀን አልነበረውም።

በማንጎው ዛፍ ሥር የተደረገ ሙከራ

በሳምንቱ እሑድ ከምሠራበት ተቋም ቤተ ሙከራ በውሰት ያገኘሁትን አሮጌ የጋይገር ቆጣሪ ይዤ ወደ ኒውላንድ ተመለስሁ። አክስቴም፣ ሕፃኗን የነጠቀችኝ እናትም፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉ ጎረቤቶችም ተሰበሰቡ። ቆጣሪውን በመጀመሪያ ደረቴ ላይ፣ ቀጥሎ አክስቴ ደረት ላይ ለአንድ አንድ ደቂቃ አስጠጋሁት። በእኔ 24 ጊዜ፣ በአክስቴ 17 ጊዜ ጠቅ አለ። ሰዉ «ኡ!» አለ። እኔም በራሴ ሙከራ ልረታ ደረስሁ።

በዚህ ቦታ ላይ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሰለቹበት አንድ ትምህርት ሕይወቴን አተረፈልኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ራዲዮአክቲቭ ፍርሰት በዘፈቀደ የሚከሰት በመሆኑ፣ ቁጥሩ የመዋዠቅ ልማድ አለው፤ የመዋዠቁም ልክ በግምት የቁጥሩ ካሬ ሥር ያህል ነው። ወደ 20 በሚጠጋ ቆጠራ ላይ የ4 ወይም የ5 ልዩነት ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አሥር አሥር ደቂቃ ቆጠርን፤ በእኔ 203፣ በአክስቴ 211፣ በአንድ ቅርጫት ማንጎ 198፣ ማንም በሌለበት በግቢው ማእዘን 207። የ200 ካሬ ሥር 14 ያህል ስለሆነ፣ አራቱም ቁጥሮች በሣይንስ ዓይን አንድ ናቸው። ቆጣሪው የቆጠረው ከሰማይ የሚወርደውን ኮስሚክ ጨረርና ከአፈሩ የሚወጣውን እንጂ የእኔን ሕክምና አልነበረም።

ከዚህም አልፌ፣ እያንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው በጥቂቱ ራዲዮአክቲቭ መሆኑን አስረዳሁ። 70 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሰው አካል ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ብቻውን በየሴኮንዱ ከ4,000 ጊዜ በላይ ይፈርሳል። ይህም የምንኖረው ፖታሲየም ያለውን ምግብ፣ ማንጎን ጨምሮ፣ እየበላን ስለሆነ ነው። አሮጌው ቆጣሪ ይህን ለመለየት አቅም ባይኖረውም ነገሩ እውነት ነው። አክስቴ ግን ያስደሰታት የፖታሲየሙ ነገር አልነበረም። «211 የእኔ ነው አላልህም? እንግዲያስ መሸሽ የነበረብህ አንተ ነህ» ብላ ሳቀች። ወንበሬንም ራሷ አንሥታ ከመካከላቸው አስቀመጠችው።

ብቸኝነት ሲለካ

ርቀቷ በቆጣሪ ተወገደች። ብቸኝነቱ ግን በዚያው ቀን አልተወገደም። በብዙ ሰው መካከል ተቀምጦም ብቸኛ መሆን ይቻላል። የሚጠይቁኝ ሰዎች በሽታዬን በስሙ አይጠሩም ነበር፤ «ያ ነገር» ይላሉ፤ ከዚያም «አይዞህ» ብለው ስለ ዝናብና ስለ ባሮ ሙላት ያወራሉ። እኔ ደግሞ እነርሱን ላለማስጨነቅ ስል ደኅና ነኝ እላለሁ። ሕክምና ላይ ሳለሁ በየቀኑ የማገኛቸው ነርሶችና ተረኛ በሽተኞች ነበሩ፤ ሕክምናው ሲያልቅ እነርሱም የሉም። «ተፈወሰ» ከተባለ በኋላ የሚመጣው ብቸኝነት በብዙ አገር ያሉ በሽተኞች የሚያውቁት ነገር ነው።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቡና ሊቅ ጆን ካሲዮፖ ብቸኝነትን ከረሃብና ከጥማት ጋር ያነጻጽሩት ነበር። ረሃብ ምግብ ፈልግ የሚል የሰውነት ደወል እንደሆነ ሁሉ፣ ብቸኝነትም ሰው ፈልግ የሚል ደወል ነው፤ የባሕርይ ጉድለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ጁሊያን ሆልት ለንስታድና ባልደረቦቿ 308,849 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 148 ጥናቶች አንድ ላይ አጠናቅረው ባወጡት ጽሑፍ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የጡት ካንሰር በታመሙ 2,835 ነርሶች ላይ የተደረገው ጥናት፣ ከሕመሙ በፊት ከሰው ተለይተው ይኖሩ የነበሩት ብዙ ዘመድና ወዳጅ ከነበራቸው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ66 በመቶ የበለጠ እንደነበር አሳይቷል። ምክንያቱ ምሥጢራዊ ላይሆን ይችላል። ቀጠሮ የሚያስታውስ፣ መድኃኒት የሚገዛ፣ ሾርባ የሚያቀርብ ሰው መኖር አለመኖሩ ብቻውን ብዙ ነው።

ነገር ግን አንባቢዬ ከዚህ ተነሥቶ «ፍቅር ካንሰርን ይፈውሳል» ወደሚል ድምዳሜ እንዳይሮጥ አደራ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዴቪድ ስፒግል የተባሉት የስታንፎርድ ሐኪም በ86 ሴቶች ላይ ያደረጉት ጥናት ዓለምን አስደንቆ ነበር። የጡት ካንሰራቸው ከተሰራጨባቸው ሴቶች መካከል በየሳምንቱ በቡድን እየተገናኙ የሚወያዩት በአማካይ 36.6 ወር፣ ያልተገናኙት 18.9 ወር በሕይወት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን በካናዳ 235 ሴቶች የተሳተፉበት ሰፋ ያለ ሙከራ ይህን ሊደግመው አልቻለም፤ ዕድሜያቸው በሁለቱም ወገን እኩል ሆነ። ሆኖም በቡድን የተገናኙት ሕመማቸውና ጭንቀታቸው ቀሎ ተገኘ። እኔ ይህን ሁለተኛውን ውጤት ከመጀመሪያው አብልጬ እወደዋለሁ። በሽተኛው ዕድሜው ያልረዘመው በቂ ስላልሳቀ ነው ከሚል ወቀሳ ያድነዋልና። ሕመም መቅለሉም ራሱን የቻለ ትልቅ ነገር ነው።

መሣሪያው የሚያርፍበት ቀን

ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በመላ ኢትዮጵያ የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጋምቤላ አዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኮባልት 60 ደግሞ ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት በመሆኑ በየወሩ ወደ 1 በመቶ ያህል ይዳከማል። ከአምስት ዓመት በኋላ ያንኑ መጠን ለመስጠት እጥፍ ደቂቃ ስለሚያስፈልግ፣ ሰልፉም በዚያው ልክ ይረዝማል። ከጎሬ፣ ከቤንች፣ ከቦረና፣ ከአፋር የመጡ ሰዎች ክፍል ተከራይተው ወይም ዘመድ ተጠግተው ተራ የሚጠብቁበት ዘመን ነበር። በልጁ በማቲዎስ በሉኪሚያ መሞት ምክንያት አቶ ወንዱ በቀለ በ1996 ዓ.ም. የመሠረቱት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ሆነ፣ በካንሰር የታመሙ ሕፃናት ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ፣ ከክፍለ አገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ቤት ማዘጋጀታቸው ከዚህ ችግር የተነሣ ነው። ዛሬ በጅማም የጨረር ሕክምና በመኖሩ ለጋምቤላ ሰው መንገዱ በእጅጉ አጥሯል።

በ2011 ዓ.ም. ገና የዋለው ሰኞ ነበር። የጨረር ሕክምና ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ተጨምረው መሣሪያው ሦስት ቀን አረፈ። ሕክምናው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ መከፋፈሉ ጤነኛ ሕዋሳት በሰዓታት ውስጥ ቁስላቸውን እንዲጠግኑ ጊዜ ለመስጠት ነው። ነገር ግን ክፍተቱ ሲበዛ የካንሰሩ ሕዋሳትም ይራባሉ። በማኅፀን በርና በአንገት አካባቢ ካንሰሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ሕክምናው ከታሰበው ጊዜ በላይ በተራዘመ ቁጥር በሽታውን የመቆጣጠር ዕድሉ በየቀኑ በ1 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ያመለክታሉ። አንድ የበዓል ቀን ሐኪሞች አስቀድመው የሚያስሉት ነገር በመሆኑ የሚያስደነግጥ አይደለም። በበዓል ምክንያት አገር ቤት ሄዶ ሳምንት ቆይቶ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ከጎኔ ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት ልጆቻቸው ዘንድ ሊውሉ ሄደው የቀሩት ስድስት ቀን ነበር። ማንም አልነገራቸውም ነበር።

እኔ ሦስቱን ቀን በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ዋልሁ። አከራዮቼ ደጋግ ሰዎች ስለነበሩ የዶሮ ወጥ ላኩልኝ፤ ጉሮሮዬ በጨረሩ ቆስሎ ስለነበር አንድ ጉርሻ እንኳ መዋጥ አልቻልሁም። የቁሌቱ ሽታ፣ የሣሩ መጎዝጎዝ፣ ከጎረቤት የሚሰማው ሳቅ፣ በሌላ ጊዜ የሚያስደስቱኝ ሁሉ ያን ቀን የሌለኝን ይቆጥሩብኝ ጀመር። በኖርዌይ ተማሪ ሳለሁ ገናን በውጭ አገር ማሳለፍ ከባድ ይመስለኝ ነበር፤ የእነርሱ በዓል ሲሆን ከተማው ሁሉ ይዘጋል፣ የእኛ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። በገዛ አገር በበዓል ቀን ብቻ መሆን ግን ከዚያ ይብሳል።

ስለ በዓልና ስለ በሽተኛ ብዙ ሰው የሚያምንበት አንድ ነገር አለ፤ በጽኑ የታመመ ሰው «ይህን በዓል ሳላይ አልሞትም» ብሎ ሞቱን ሊያቆየው ይችላል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990 በካሊፎርኒያ በሚኖሩ አረጋውያን ቻይናውያን ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት ከመከር በዓላቸው በፊት ባለው ሳምንት ሞት በ35 በመቶ እንደሚቀንስ፣ በቀጣዩም ሳምንት በዚያው ያህል እንደሚጨምር አስነብቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት ተመራማሪዎች በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በ12 ዓመታት ውስጥ በካንሰር የሞቱትን 309,221 ሰዎች መዝገብ ሲመረምሩ ግን በገናም፣ በምስጋና ቀንም፣ በልደት ቀንም እንዲህ ያለ ነገር አላገኙም። ከማንጎው ሥር 24 እና 17 እንዳደናገረን ሁሉ፣ ትንሽ ቁጥር እዚህም ሰዎችን አደናግሯል። ይህ ለቤተሰብ ፍሬ ነገር አለው። አባትን ወይም እናትን ለመጠየቅ «ለፋሲካ እንመጣለን» ብሎ ከመቅጠር የሚቻለውን ቀን መምጣት ይሻላል።

«በሞቴ ቅመስልኝ»

አሁን በኒውላንድ አንድ ቤት በበዓል ቀን በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ቢኖር ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ኬሞቴራፒ ከተሰጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ውስጥ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ ዝቅ ይላሉ። በዚህ ወቅት ጥሬ ሥጋና ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትም ጭምር፣ መርዝ ናቸው ማለት ይቀላል። ከብት በሚረባበት አገር «ወተት አይፈላም፣ ይበላሻል» የሚል ሽማግሌ መኖሩ አይቀርምና እርሱን ማሳመን የቤተሰቡ ተማሪ ልጅ ሥራ ነው። በደንብ የበሰለ ዓሣ፣ ትኩስ ገንፎ፣ ተልጦ የሚበላ ማንጎ መልካም ነው። ጉርሻም ፍቅር ነው፤ ነገር ግን በሽተኛው የሚፈልገውን ያህል በራሱ ማንኪያ ቢበላ «በሞቴ» የሚለው መሐላ ጨርሶ ባይነሣ ይሻላል። ጉንፋን የያዘው እንግዳ ደግሞ ሰላምታውን ከደጅ ሆኖ ያድርስ፤ ይህኛው ርቀት ሣይንስ አለው።

ከሁሉ በላይ ግን ለጋምቤላ ሰው አንድ ነገር አጠብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። በእኛ ከተማ ትኩሳት ሲመጣ ሁሉም «ወባ ነው» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ወባም ቢገኝበት ባይገኝበት፣ በዓልም ቢሆን ሌሊትም ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስና በኬሞቴራፒ ላይ መሆኑን መናገር አለበት። ነጭ የደም ሕዋስ በሌለው ሰውነት ውስጥ የገባ ተሕዋስ እስከ ማግስቱ አይጠብቅም።

እንግዲህ ጠያቂ ሆነን ስንሄድ ብዙ ቃል አያስፈልገንም። ከሕክምና በኋላ የሚመጣው ድካም በእንቅልፍ የሚለቅ ተራ ድካም ስላልሆነ፣ አጭር ቆይታ ከረጅሙ ይሻላል፤ ጠዋት ከማታ ይሻላል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። በየቅዳሜው መጥቶ ከማንጎው ሥር ዳማ ይዘረጋል፤ በመጀመሪያው ቀን «ካንሰሩ እንዴት ነው?» ብሎ በስሙ ጠራው፤ ነገርሁት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዳማው ብቻ ተከራከርን። ለበሽተኛ ብሎ እንኳ አንድ ጊዜ ተሸንፎልኝ አያውቅም።

ያቺ ሕፃን ዛሬ አሥር ዓመቷ ነው። ቆጣሪውን በየበዓሉ እንዳመጣ ትጠይቀኛለች፤ ባለፈው ፋሲካ ዶሮውን፣ የቡና ረከቦቱንና የጎረቤት ፍየል ሳይቀር ቆጥራ ውጤቱን በደብተሯ ጽፋለች። ባለፈው ገና ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ያሉ አንዲት አዛውንት የጨረር ሕክምናቸውን በጅማ ጨርሰው በዋዜማው ገቡ። አክስቴ ወንበሯን ተሸክማ ሄዳ ከጎናቸው ተቀመጠች። ልጅቱ ቆጣሪውን ይዛ ተከተለቻት፤ ባትሪው አልቆ ስለነበር ግን አልሠራላትም። አዛውንቷ ዕቃውን በእጃቸው አገላብጠው አዩና «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። አክስቴም ማስረዳት ጀመረች፤ ቁጥሮቹን ሁሉ ታስታውሳለች።